ለኮሌጅ ስንት ስኮር ልላክ? መልሱ በየኮሌጁ ይለያያል

ሰላም ለሁላችሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፣ ምክንያቱም አሁንም ድረስ ቀደም ብለው ኮሌጅ ከገቡ ዘመዶቻቸው ሰምተው "ሰብጀክት ቴስት ስንት ልላክ፣ ሁለት ነው ሶስት?" ብለው ሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። ኤስኤቲ ሰብጀክት ቴስት ሚባለው፣ ማለትም በየትምህርቱ ለብቻ ይሰጥ የነበረው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ የለም፣ ቀርቷል። ፈተናውን ሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ በጃንዋሪ 2021 ነው መቅረቱን ያስታወቀው፣ አሜሪካ ውስጥ ወዲያው ቆመ፣ ከአሜሪካ ውጪ ላሉት ደሞ በዛው አመት ሜይና ጁን ላይ የመጨረሻው ተሰጥቶ አበቃ። ያኔ እያንዳንዱ ፈተና የአንድ ሰአት ነበር፣ ከ200 እስከ 800 ሚታረም፣ ከጠንካራዎቹ ኮሌጆች ብዙዎቹ ሁለት ይበቃናል ሲሉ ጆርጅታውን ደሞ ሶስት ብትልኩ ጥሩ ነው ይል ነበር። የዛን ጊዜ ልጆች ቁጥሩ ተሰፍሮ ነው ሚሰጣቸው። አሁን ያ ቁጥር የለም፣ ጥያቄው ግን አልጠፋም፣ እንደውም ባሰበት፣ ምክንያቱም በሰብጀክት ቴስት ቦታ ኤፒ፣ ማለትም ሃይስኩል ውስጥ ሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ፈተና፣ ገባ፣ ዋናውን የንባብና የማት ፈተና ኤስኤቲውን ሶስቴ የወሰደ ልጅ አለ፣ በሱ ፈንታ ሚወሰደውን ኤሲቲም ሞክሮ ያስቀመጠ አለ፣ ከዛ ዴድላይን ሲደርስ ሁሉንም ስኮር ፊቱ ዘርግቶ የቱን ልላክ የቱን ልተው እያለ እንቅልፍ ያጣል።

እኔ የእህቴን ልጆች አፕሊኬሽን ማገዝ ጀምሬ ከዛ የጓደኞቼ ልጆች ተጨመሩበትና በየአመቱ ኦክቶበር ላይ ስልኬ አያርፍም። ከዚህ ሁሉ አመት የገባኝ ነገር ቢኖር "እኔ ስንት ልላክ" ብሎ መጠየቁ ራሱ ነው ልጆቹን ሚያሳስታቸው። አንድ ልጅ አንድ ቁጥር የለውም። ያው አንድ ልጅ ለአንዱ ኮሌጅ ሶስት ይልካል፣ ለሌላው ሁለት፣ ለሌላው አንድ፣ ለአንዱ ደሞ ምንም። በቁጥር ላሳያችሁ።

አንድ ልጅ ኤስኤቲ ሶስቴ ወሰደ እንበል። ማርች ላይ ንባብና ፅሁፉ 620 ማቱ 710፣ ድምሩ 1330። ኦገስት ላይ ንባቡ 680 ሆነ ማቱ ግን ወደ 680 ወረደ፣ ድምሩ 1360። ኦክቶበር ላይ ደክሞት ነው መሰለኝ 610 እና 690 አመጣ፣ 1300። ይሄ ልጅ ሱፐርስኮር ለሚያደርግ ኮሌጅ፣ ማለትም ከየፈተናው ቀን ከፍተኛውን ክፍል እየመረጠ ለሚደምር ኮሌጅ፣ ማርችንና ኦገስትን ይልካል፣ 680 ሲደመር 710፣ 1390 ሆኖ ይታይለታል፣ ኦክቶበር ምንም ሚጨምረው ነገር ስለሌለ ይቀራል። በአንድ ቀን ከተገኘው ውስጥ ትልቁን ድምር ብቻ ለሚያይ ኮሌጅ ኦገስትን ብቻ ይልካል። ለጆርጅታውን ግን ሶስቱንም ይልካል፣ ምክንያቱም ጆርጅታውን የተቀመጥክበትን ሁሉ ላክ ነው ሚለው። ለዩሲ፣ ማለትም ለበርክሌይ ወይ ለዩሲኤልኤ ካመለከተ ደሞ ዜሮ፣ ምክንያቱም የካሊፎርኒያ የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩሲም ካል ስቴትም፣ ቅበላ ላይ ኤስኤቲና ኤሲቲ ጭራሽ አያዩም። አያችሁ አይደል፣ ልጁ ያው ነው፣ ስኮሩም ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ሶስት ሁለት አንድ ዜሮ ሆነ።

ስለዚህ ስራው ሚጀምረው ስኮራችሁን ከማየት ሳይሆን የኮሌጆቹን ዝርዝር ከመፃፍ ነው። ኤክሴልም ሆነ ወረቀት፣ በግራ በኩል ኮሌጆቹን ደርድሩና ከእያንዳንዱ ጎን አምስት ነገር ሙሉ፣ ስኮር ግዴታ ነው ወይ፣ ሁሉንም ይላክ ይላል ወይ፣ ሱፐርስኮር ያደርጋል ወይ፣ ስኮሩን ራሳችሁ ፅፋችሁ ብታስገቡ ይቀበላል ወይስ ፈታኙ ድርጅት በቀጥታ ሚልከውን ኦፊሻል ሪፖርት ነው ሚፈልገው፣ ስለ ኤፒስ ምን ይላል። መልሱ ሁሌም በኮሌጁ የራሱ የአድሚሽን ገፅ ላይ አለ፣ ስታንዳርዳይዝድ ቴስቲንግ ሚል ርእስ ፈልጉ። ከሌላ ቦታ የሰማችሁትን እንዳታምኑ፣ የአምና ተማሪ የነገራችሁንም ቢሆን፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር በየአመቱ ይቀያየራል። ኤምአይቲ ፈተናውን ግዴታ አርጎ የመለሰው 2022 ላይ ነው፣ 2024 ላይ ደሞ ዳርትማውዝ ጀመረና ዬል፣ ብራውን፣ ሃርቫርድ፣ ካልቴክ፣ ዩቲ ኦስቲን ተከታትለው መለሱ፣ ኮሎምቢያ ግን በቴስት ኦፕሽናል፣ ማለትም ስኮር መላክ በተማሪው ፈቃድ ሆኖ፣ እንደሚቀጥል 2023 ላይ አስታውቋል። የታላቅ ወንድማችሁ ጊዜ ኦፕሽናል የነበረው ዛሬ ግዴታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ ያ ሳይገባው ስኮር ሳይልክ ዴድላይን ያለፈበት ልጅ አውቃለሁ፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ ምክንያቱም ስኮሩ ጥሩ ነበር፣ እጁ ላይ ነበር፣ ሳይልከው ቀረ።

"ሁሉንም ላኩ" ሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ኮሌጅ ቦርድ ስኮር ቾይስ ሚባል ነገር አለው፣ ከ2009 ጀምሮ ነው፣ የትኛውን ቀን እንደምትልኩ እናንተ ትመርጣላችሁ። ሲስተሙ ኮሌጁ ሁሉንም ቢፈልግም አንዱን ብቻ ብትመርጡ አይከለክላችሁም። እና ልጆቹ "ማን ያውቃል?" ይሉኛል። እኔ መልሴ አንድ ነው፣ ሁሉንም ላኩ ካለ ሁሉንም ላኩ። አፕሊኬሽኑ መጨረሻ ላይ ያስገባሁት ሁሉ እውነት ነው ብላችሁ ትፈርማላችሁ፣ ያንን ፊርማ በ1300 ምክንያት ማበላሸት አያስፈልግም፣ ደሞ ሁሉንም ሚጠይቁትም ቢሆኑ ሚያተኩሩት የተሻለው ላይ ነው። ሌላ ልጆች ማያዩት ወጥመድ አለ፣ አንዳንድ ሃይስኩል ትራንስክሪፕት ላይ፣ ማለትም የክፍል ውጤት ማስረጃው ላይ፣ የኤስኤቲውን ወይ የኤፒውን ስኮር ያትማል። እናንተ ደብቄዋለሁ ያላችሁት ስኮር በትራንስክሪፕታችሁ ቀድሟችሁ ይደርሳል። የትምህርት ቤት አማካሪያችሁን፣ ካውንስለሩን፣ "ትራንስክሪፕቴ ላይ የፈተና ስኮር አለ ወይ፣ ካለ ማስነሳት ይቻላል ወይ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ይሄ የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ነው።

እና ስኮር ቾይስ ሲባል የቀን ምርጫ ነው እንጂ የክፍል ምርጫ አይደለም። የማርችን ማት ብቻ ቆርጣችሁ መላክ አትችሉም፣ ማርች ከሄደ ሁለቱም ክፍል አብሮ ይሄዳል። ስንት ቀን ብትመርጡም ግን ለአንድ ኮሌጅ ሚከፈለው የአንድ ሪፖርት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ለሱፐርስኮር ሁለት ቀን መላክ ተጨማሪ ዋጋ የለውም። ፒኤስኤቲ፣ የኤስኤቲ መለማመጃው፣ ለሚሉኝ፣ እሱ ኮሌጅ አይላክም፣ እርሱት።

አሁን ወደ ነፃው ልምጣ፣ ብዙ ቤተሰብ ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኤስኤቲ ስትመዘገቡ አራት ሪፖርት በነፃ ይሰጣችኋል፣ ፈተናው ካለቀ በኋላ እስከ ዘጠኝ ቀን ድረስ ነው መጠቀም ምትችሉት። ስኮሩ ግን ሚወጣው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው። ይሄ ማለት ነፃዋን ስትጠቀሙ ስኮራችሁን ሳታዩ ነው ምትልኩት። ወላጆች "ነፃ እያለ ለምን እንከፍላለን" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ገንዘቡ ለፍተው ያመጡት ነው፣ ለአንድ ኮሌጅ አስራ ምናምን ዶላር ሲሆን ለአስር ኮሌጅ ቀላል ብር አይደለም። ግን አስቡት፣ ያ ፈተና ባይሳካለትስ? ስለዚህ እኔ ምላቸው፣ ነፃውን ሁሉንም ላኩ ለሚል ኮሌጅ ወይ ስኮር ግዴታ ሆኖ ሱፐርስኮር ለሚያደርግ ኮሌጅ ተጠቀሙበት፣ እዛ ዝቅ ያለው ብዙም አይጎዳም፣ ለቴስት ኦፕሽናል ኮሌጅ ግን ሳታዩ አትላኩ። እና ደሞ ፊ ዌቨር፣ ማለትም ከክፍያ ነፃ መሆኛው! አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል ሚማሩ ልጆች፣ ትምህርት ቤት ነፃ ወይ ቅናሽ ምሳ ሚያገኙ ከሆነ ካውንስለራቸውን ጠይቀው ፊ ዌቨር ያውጡ፣ በሱ ከሆነ የኤስኤቲ ስኮር ለፈለጉት ያህል ኮሌጅ፣ አይተው፣ በነፃ ነው ሚልኩት። የኛ ሰው እርዳታ መጠየቅ ያፍራል፣ በዚህ ግን ማፈር የለም፣ የተዘጋጀው ለናንተው ነው።

አሁን ከባዱ ክፍል፣ ቴስት ኦፕሽናል። እዚህ ነው ፍርድ ሚያስፈልገው። በየኮሌጁ ኮመን ዴታ ሴት ሚባል ሰነድ አለ፣ የኮሌጁን ስምና እሱን አብራችሁ ሰርች ብታደርጉ ይመጣል፣ ሲ9 ሚለው ክፍል ውስጥ የገቡት ተማሪዎች ስኮር 25ኛውና 75ኛው ፐርሰንታይል ላይ ስንት እንደሆነ ይፅፋል፣ ማለትም ሩቡ ተማሪ ከታችኛው ቁጥር በታች፣ ሩቡ ደሞ ከላይኛው በላይ ነው። የናንተ ስኮር ከመሃሉ በላይ ከሆነ ላኩ፣ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ከታችኛው ቁጥር በጣም ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ አለመላክ ይሻላል። በመሃል ያለው ነው ጣጣው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ቴስት ኦፕሽናል ከመጣ ወዲህ ዝቅ ያለ ስኮር ያላቸው ልጆች ስለማይልኩ እነዛ ቁጥሮች ወደ ላይ ተገፍተዋል፣ ስለዚህ ታችኛው ቁጥር ላይ መሆን ድሮ እንደነበረው አይነት ዝቅታ አይደለም። ሁለተኛ፣ ስኮር ብቻውን አይነበብም፣ ከየት እንደመጣችሁ ጋር ነው ሚነበበው። ዳርትማውዝ 2024 ላይ ፈተናውን ሲመልስ የራሱ ፕሮፌሰሮች ያጠኑትን አይቶ ነው፣ ከጥናቱ ከወጡት ነገሮች አንዱ ዝቅተኛ ገቢ ካለው ቤት የመጡ ልጆች ቢልኩት ሚጠቅማቸውን ስኮር አነሰ ብለው እያስቀሩት እንደነበረ ነው። ይሄን ሳነብ የኛ ልጆች ናቸው ፊቴ ላይ የመጡት። በዘጠነኛ ክፍል ከአገር ቤት መጥቶ፣ እቤት አማርኛ እያወራ፣ ማታ ታናናሾቹን እየጠበቀ፣ በትምህርት ቤቱ ማንም ማያመጣውን ስኮር አምጥቶ "ሃርቫርድ የገቡት ከዚህ በላይ ነው ያላቸው" ብሎ ይደብቀዋል። የትምህርት ቤታችሁን አማካይ ፈልጉ፣ ከሱ በብዙ ከበለጣችሁ ያ ስኮር ስለናንተ ሚናገረው ነገር አለ።

ማቱ ከፍ ብሎ ንባቡ ወረድ ያለባቸው ልጆችም እንደዛው፣ ኢንጂነሪንግ ወይ ኮምፒውተር ሳይንስ ምታመለክቱ ከሆነ 760 ማት ትልቅ ነገር ነው፣ አሜሪካ ከመጣችሁ ሶስት አመታችሁ ከሆነ ደሞ አንባቢው ያንን ከአፕሊኬሽናችሁ ያያል። እኔ እንደዚህ አይነቱን ስኮር እንዲላክ ነው ማደላው። ግን ለእንግሊዝኛ ወይ ለታሪክ ምታመለክቱ ከሆነ ሌላ ሂሳብ ነው፣ ደግማችሁ አስቡበት።

ኤሲቲም ኤስኤቲም የወሰዳችሁ፣ ሁለቱን በአንድ መላክ ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም። የማነፃፀሪያ ሰንጠረዥ ኮሌጅ ቦርድና ኤሲቲ አብረው ያወጡት አለ፣ በሱ አይታችሁ የተሻለውን ላኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ አንዱ ይበቃል፣ አንድ ነገር ሁለቴ መናገር ነው።

አሁን ኤፒ። የድሮው የሰብጀክት ቴስት ጥያቄ አሁን እዚህ ነው የገባው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው። ኤፒ ከ1 እስከ 5 ነው ሚታረመው፣ ፈተናው ሜይ ላይ፣ ውጤቱ ጁላይ ላይ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ኤፒያችሁ ውጤቱ ሚመጣው ተቀባይነት ካገኛችሁ በኋላ ስለሆነ ለቅበላው ሚቆጠረው እስከ አስራ አንደኛ ያለው ብቻ ነው። አብዛኛው ኮሌጅ አፕላይ ስታደርጉ ኦፊሻል ሪፖርት አይፈልግም፣ ኮመን አፕ ላይ፣ ማለትም በአንድ ቅፅ ለብዙ ኮሌጅ ሚመለከትበት ድረገፅ ላይ፣ ቴስቲንግ በሚለው ክፍል ራሳችሁ ትፅፋላችሁ፣ የትኛውን እንደምትፅፉም ምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ኦፊሻሉን ኋላ ለምትገቡበት ለአንዱ ኮሌጅ ብቻ ነው ምትልኩት። ይሄን ሳያውቁ ለአስራ ሁለት ኮሌጅ ከፍለው የላኩ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል።

ኦፊሻል ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፣ የኤፒ ሪፖርት እንደ ኤስኤቲ አይደለም፣ ስትልኩት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ሁሉ ተጠራቅሞ ይሄዳል። አንዱን ማስቀረት ከፈለጋችሁ ዊዝሆልድ ማድረግ አለ፣ ለአንድ ስኮር ለአንድ ኮሌጅ 10 ዶላር ነው፣ በኋላ ሃሳባችሁን ብትቀይሩ ይለቀቃል። ካንስል ማድረግም አለ፣ እሱ ግን በነፃ ቢሆንም ለዘላለም ነው ሚጠፋው፣ በንዴት እንዳታደርጉት። በየአመቱ እስከ ጁን 20 ድረስ አንድ ነፃ የኤፒ ሪፖርት አላችሁ፣ እሱም ውጤቱ ሳይታይ ስለሆነ ቅድም ያልኩት ይሰራበታል። የመጨረሻ አመት ላይ ግን የት እንደምትገቡ ስለታወቀ ለዛ ኮሌጅ ተጠቀሙበት።

ታዲያ ስንት ልፃፍ ካላችሁኝ፣ 5 እና 4 የሆኑትን ሁሉንም ፃፉ። 3 ላይ ኮሌጁን እዩ፣ ብዙ የስቴት ዩኒቨርሲቲ 3ን ለክሬዲት፣ ማለትም የኮሌጅ ኮርስ እንደወሰዳችሁ አድርጎ ለመቁጠር፣ ይቀበላል፣ ዩሲ ራሱ ለ3 ክሬዲት ይሰጣል፣ እዛ 3 አያሳፍርም። በጣም መራጭ ለሆኑት ኮሌጆች ግን 3ን እኔ ብዙ ጊዜ አስቀራለሁ፣ ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ ማንም አልፎት ማያውቅ ፈተና ካልሆነ በቀር። 1 እና 2 አይፃፍም፣ ኮሌጁ ሁሉንም ካላለ። እዚህ ላይ ዬልን በምሳሌ ላንሳ፣ 2024 ላይ ባወጣው ህግ በኤስኤቲና ኤሲቲ ፈንታ ኤፒ ወይ አይቢ፣ ማለትም የአለም አቀፉ የሃይስኩል ፕሮግራም ፈተና፣ ማቅረብ ይቻላል፣ ግን በኤፒ ግዴታዬን እወጣለሁ ካላችሁ የወሰዳችሁትን ሁሉ ነው ምትፅፉት፣ መምረጥ የለም። አምስት ኤፒ ወስዳ 5፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 ያመጣች ልጅ ነበረችኝ፣ ኤስኤቲዋ ደህና ስለነበር በኤስኤቲ እንድትሄድ አደረግንና ከኤፒዎቹ ሶስቱን ብቻ ፃፈች።

ከቁጥሩ በላይ ግን የትኛው ሚለው ነው ሚበልጠው። ነርሲንግ ወይ ባዮሎጂ ምታመለክት ልጅ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ 4 ካላት እነዚህ ሁለቱ አራት ሌላ ስኮር ያህል ይናገሩላታል። እያንዳንዱ ስኮር ሌላው ያልተናገረውን መናገር አለበት፣ ለምሳሌ ካልኩለስ ቢሲ 5 ያለው ልጅ ከሱ በፊት የወሰደውን ፕሪካልኩለስ 3 መፃፍ ምን ይጨምርለታል? ምንም። ደሞ የወሰዳችሁትን ኮርስ ስኮር ስላልፃፋችሁ ብቻ አንባቢው ወድቃለች ብሎ አይፈርድም፣ ፈተናው ገንዘብ ስለሚጠይቅ ሳይፈተን ሚቀር ብዙ ልጅ አለ፣ ክፍል ውስጥ ያመጣችሁት ኤ እዛው ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ። ብቻ ምታመለክቱበት ዋናው ትምህርት ላይ ከሆነና ሌላውን ሁሉ ፅፋችሁ እሱን ብቻ ከዘለላችሁ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል፣ እዛ ላይ 3ም ቢሆን ብትፅፉት ይሻላል ባይ ነኝ።

የመጨረሻው ነገር የስም ጉዳይ ነው፣ ትንሽ ይመስላል ግን የኛን ልጆች ከማንም በላይ ሚያሰቃየው እሱ ነው። የኛ ስም ያባት ስም ያያት ስም ነው፣ ታላቁ ልጅ ፓስፖርቱ ላይ ያያት ስም ላስት ኔም ሆኖ፣ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ያባት ስም ላስት ኔም ሆኖ፣ ገብረ ወይ ወልደ ሚለው አንዱ ጋ ተነጥሎ አንዱ ጋ ተቀጥሎ ይፃፋል። ኮሌጅ ቦርድ አካውንት ላይ ያለው ስምና ኮመን አፕ ላይ ያለው ስም ካልገጠመ ስኮሩ ኮሌጁ ጋ ደርሶ ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል፣ እናንተ ልኬያለሁ ትላላችሁ እነሱ አልደረሰንም ይላሉ። የልደት ቀንም እንዲሁ፣ ከኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተሳሳተ ካለ በሁለቱም ጋ አንድ አይነት መሆኑን እዩ። ይሄን ፈተናው ሳይመጣ በፊት አስተካክሉ። አፕሊኬሽኑን ካስገባችሁ በኋላ ደሞ እያንዳንዱ ኮሌጅ ፖርታል ይከፍትላችኋል፣ ስኮር ደርሷል ወይ አልደረሰም ሚለው እዛ ይታያል፣ በሳምንት ሁለቴ ግቡና እዩት፣ ከአስር ቀን በላይ ከቆየ የላካችሁበትን ቀንና የአካውንታችሁን ስም ፅፋችሁ ለአድሚሽን ቢሮው ኢሜይል አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ በዛው ቀን አግኝተው ያገናኙታል።